ከድሬ የሚቀያየረኝ መምህር ፍለጋ

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 8 ሰዓት

አርባ ሁለት የሒሳብ ፈተና ታርሟል። አሥራ ዘጠኝ ይቀራል። ክፍልፋይ የገባው ልጅ የለም፤ ወይም እኔ አላስገባሁም። ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ የልጆቹን ቀለም ያጠፋል። ለአንዷ ልጅ፣ አጥፍቼባት ያልታየኝን መልስ ትክክል ብዬላታለሁ። ምን ላድርግ! ድሬ ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ተኝታለች። በዚህ ሰዓት የነቃነው እኔና ዝንቦቹ ብቻ ነን።

ደብተሬ፣ የማልፈልገውን ወሬ ወደ ኋላ እየገፋሁ ነው። ልንገርህ። አሰፋ የዓይን ምርመራውን ወድቋል። ሃያ ስምንት ዓመት ባቡር የነዳ ባሌ ቀዩንና አረንጓዴውን መብራት በደንብ አይለይም ተብሏል። ጡረታ ይወጣል። ይህ የከዚራ ቤታችን ደግሞ የባቡር ድርጅቱ በሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ የሚሰጠው ቤት ነው። እስከ ነሐሴ 30 እናስረክባለን።

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጥቶ ግቢያችን ያለው ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ምሳ አልበላም። ወደ ፈተናዬ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

ቀበሌ ሄድኩ፣ ለቤት ተመዘገብኩ። ከፊቴ ስንት ሰው እንዳለ ጠየቅሁ። ጸሐፊው መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠ፣ ገለጠ፣ ገለጠ። ይብቃህ ወንድሜ ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

ከዚያ ደባል ፍለጋ። ገንደ ቆሬ አንዲት ክፍል አየሁ። ቆርቆሮዋ በእጅ የሚነካ፣ መስኮት የላትም፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው አየር ነው የሚወጣው። የሚጠይቁት የደሞዜን ግማሽ። ባለቤትየዋ ልጄን ማርታን አይታ ልጅ እንዳላት አልነገርከኝም ብላ ደላላውን ተቆጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እጄን አጥብቃ ያዘች። እስከ ቤት አልለቀቀችኝም።

የአሰፋ ጡረታና የእኔ ደሞዝ ተደምረው ድሬን አይችሏትም። ጤፉ ከደጋ ነው የሚመጣው፣ ከሰሉ ከሩቅ፣ ውሃውም ሲፈልግ ነው። እስከ ዛሬ ያኖረን ቤቱ ነው። አሁን ገባኝ።

ግንቦት 9፣ እሑድ። ረፋድ

ሐሳብ መጣልኝ! በዘመቻው ጊዜ ሲዳሞ ነበርኩ። እዚያ ገበያ ወጥቼ አንድ የሙዝ ዘለላ ጠይቄ፣ ሴትዮዋ የሰጠችኝን ብቻዬን ተሸክሜ መመለስ አቅቶኝ ልጅ ሆኜ የሳቅሁት ሳቅ ትዝ አለኝ። ወተቱ፣ ቆጮው፣ ቅቤው፣ ጎመኑ። እዚያ በአንድ ደሞዝና በአንድ ጡረታ ሰው ሆኖ መኖር ይቻላል። ትልቅ ከተማ አልፈልግም። ትንሽ፣ ርካሽ፣ ለእኔና ለማርታ ት/ቤት ያለባት ትሁን።

ዝውውር ብጠይቅ ዓመታት ነው። ልውውጥ ግን በአንድ ክረምት ያልቃል። የእኔን ቦታ የሚፈልግ፣ እኔ የምፈልገውን የሚለቅ፣ በደረጃ እኩያዬ የሆነ መምህር ላግኝ እንጂ። ሁለታችን ቅጹን እንፈርማለን፤ ሁለቱ የትምህርት ጽ/ቤቶች ያጸድቃሉ። ቅጹ ግን እስከ ነሐሴ 15 ካልገባ ለዘንድሮ አበቃ። ያኔ ከነልጄ ገንደ ቆሬ።

ለአሰፋ ነገርኩት። ደቡብ ባቡር አለ ወይ አለኝ። የለም። ቅርቡ ጣቢያ? ሞጆ። ባቡር የማይደርስበት አገር ለአሰፋ አገር አይደለም፤ ሜዳ ነው።

ጎረቤቴ ፋጡማ በግድግዳው በኩል ሰምታን ኖሮ ዘላ መጣች። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተናል፤ ምስጢር የሚባል አናውቅም። ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ስሜን አሳጥራ አልሚ ትለኛለች፤ በአራት ቋንቋ ትሳደባለች። ዛሬ አማርኛው በቃት። “አቦ አልሚ፣ ጭቃ ልትረግጪ ነው እንዴ? ዋላሂ ከድሬ የወጣ ሰው ቆዳው ይላጣል!” አለችና ገብታ አለቀሰች።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ

ማስታወቂያዬን ጻፍኩ። ቃል በቃል፦ “ድሬዳዋ ሞቅ ያለች፣ ሥልጡን፣ የባቡር ከተማ ናት። ሕዝቧ ተጫዋች። ልብስና ዕቃ እንደ ልብ። 4ኛ ክፍል የምታስተምር መምህርት ከደቡብ ትንሽ ከተማ መምህር ጋር መቀያየር ትፈልጋለች።” ስድስት ቅጂ፣ ለስድስት ከተማ ት/ቤቶች። ሰባተኛ ቅጂ ደግሞ እዚሁ ት/ጽ/ቤት ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ።

ውሸት የለበትም። ሞቅ ያለች ነው ያልኩት። አትሞቅም እንዴ?

ሰኔ 7፣ እሑድ

ሁለት ደብዳቤ በአንድ ሳምንት! ልቤ ዘለለች። ከዚያ አነበብኳቸው።

የመጀመሪያው ከጂንካ ነው። ወጣት መሆን አለበት፤ ገነት የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ጽፏል። ወንዙ ገነት፣ ማሩ ገነት። አሰፋ ርቀቱን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በጣቱ ጉልበቱ ላይ ጣቢያ ይቆጥራል። ከሞጆ ተነስቶ ጂንካ መድረስ ማለት ከድሬ ጅቡቲ ደርሶ መልስ ነው አለ፤ ያውም ያለ ሐዲድ። ተዘጋ።

ሁለተኛው ከአንዲት ቆላ ከተማ። ደብዳቤው ገጽ ተኩል ነው። “ወባ የለም” ይላል መጀመሪያ ላይ። መሀል ላይ “ወባ እንዳለ የሚወራው ሐሰት ነው።” ከፊርማው በታች ደግሞ “ስለ ወባ አይስጉ።” ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! እኔ ስለ ወባ መች ጠየቅሁ? ማርታን ይዤ አልሄድም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፣ ደብተሬ። እነዚህ ሰዎች የሚያሞግሱልኝ ከተማ ሊሸሹት የቸኮሉትን ነው። ገነት ከሆነ ለምን ይለቀዋል? የልውውጥ ነገር እንዲህ ነው፤ ሁለቱም ነጋዴ፣ ሁለቱም ዕቃውን ለመገላገል የሚጣደፍ። እኔስ? ... ይህን ሐሳብ ዛሬ አልጨርሰውም። ፈተና አለብኝ።

ሰኔ 20፣ ቅዳሜ። ማታ 1 ሰዓት

ጉድ ሆነ። ጉድ!

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው ሰው፣ ካፖርት ለብሷል፣ በላዩ ጋቢ፣ በእጁ ሻንጣና በኮባ የተጠቀለለ ነገር። ደምሴ እባላለሁ፣ ከጨንቻ፣ መምህር ነኝ፣ ማስታወቂያዎን አይቼ ቦታውን በዓይኔ ልይ ብዬ ነው አሉ። ጨንቻ ማለት ደመና ከሰው ጋር የሚሄድበት ደጋ ነው። ሰውየው ካፖርታቸውን ለብሰው ከአዲስ አበባ ባቡር ላይ ወጡ፤ አዋሽ ላይ ወልቆ ሻንጣ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ግን ማስታወቂያው “ሞቅ ያለች” ነው የሚለው፣ ሞቅ ላለ ቦታ ማን ካፖርት ያወልቃል? ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቷል።

ውሃ ሰጠኋቸው። አንድ ጣሳ። ሁለተኛ። ሦስተኛውን ራሳቸው ላይ አፈሰሱት። በኮባ የመጣልኝ የጨንቻ ቅቤ ነበር፤ ነበር ነው የምለው፤ መንገድ ላይ ቀልጦ ሻንጣውንና አንድ ሱሪ ቀብቷል።

ይህ አልበቃ ብሎ ፋጡማ ገባች። ድሬ ሰው ሰውን እርስዎ አይልም፤ ሕፃኑ ለሽማግሌው፣ ጋሪ ነጂው ለዳኛው፣ ሁሉም አንተ ነው፤ ንቀት አይደለም፣ ቤተኝነት ነው። ደምሴ ይህን ማን ነግሯቸው! “አንተ! አቦ ካፖርትህን አውልቅ፣ ልትሞትብን ነው እንዴ?” አለቻቸው። ሰውየው ዘወር አሉ፤ ከኋላቸው ሌላ ሰው ያለ መስሏቸው። ማንም የለም። እንደተሰደበ ሰው ቆሙ። ከዚያ ማርታ መጣች፤ የእኔው ጉድ! “አንተ ነህ የምትቀይረን?” አለች።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰኔ 21፣ እሑድ። ማታ

ጓድ ደምሴ በመጀመሪያው ባቡር ተመለሱ። አልጋ ግቢ ውስጥ ዘርግተን፣ ከእኛና ከፋጡማ ቤተሰብ ጋር ከዛፉ ሥር አስተኝተናቸው ነበር፤ በዚህ ወቅት ድሬ ቤት ውስጥ የሚተኛ እብድ ብቻ ነው። ሰውየው ግን ሽርጥ ለባሽ ጎረቤት መሀል ኮፍያ አድርገው እስኪነጋ ተቀመጡ መሰለኝ። አሰፋ እስከ ጣቢያው ሸኛቸው።

ሲለዩን አልተቆጡም። ያ ነው የሚያሳፍረኝ። “እመቤቴ፣ አገርዎ ደግ ነው። ግን ሞቅ ያለ ብለው የጻፉትን ተማሪዬ ቢጽፈው ስህተት ብዬ አርምበታለሁ” አሉኝ። መምህር ለመምህር። ሁለት ቀን ሙሉ ተጉዘው፣ ወጪ አውጥተው፣ በእኔ አንዲት ቃል። ሌሎቹን በውሸታቸው ስስቅባቸው ቆይቼ እኔው ራሴ ዋሽቼ ተገኘሁ። ቀኑን ሙሉ አፍሬ ዋልኩ።

አሰፋ ከጣቢያ ሲመለስ እየሳቀ ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም። እንግዲህ ለአንድ ነገር ጠቀምኩ።

ሰኔ 23፣ ማክሰኞ

አሮጌውን ማስታወቂያ ከሰሌዳው ቀድጄ አዲስ ለጠፍኩ። ረጅም ነው፤ ጽ/ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። እንዲህ ይላል፦

ድሬ ትሞቃለች። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ሰው ቤቱን ትቶ ግቢ ይተኛል። ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ሱቁም መንገዱም ይዘጋል፤ እንግዳ ሰው ከተማው የተሸነፈ ይመስለዋል። ውሃ በመጣበት ሰዓት ነው የሚቀዳው። ዳቻቱ የሚባል አሸዋ አለ፣ ደረቅ ነው፤ አንድ ቀን ግን ደጋ ዝናብ ሲጥል ደርሶ ወንዝ ይሆናል፤ ልጆችን አስጠንቅቅ። ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ይልሃል። የምታስተምራቸው ልጆች ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማሌኛ፣ አደርኛ ነው የሚናገሩት፤ አንተን ሲያሾፉብህ በማታውቀው ቋንቋ ነው። ግን የታመምክ ዕለት ስምህን የማያውቅ ሰው ሾርባ ይዞልህ ይመጣል። ሃይማኖትህን አይጠይቅህም። የጎረቤት በር አታንኳኳም፤ ዘው ትላለህ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ብዕሩን አስቀመጥኩና አለቀስኩ። ይህችን ከተማ እወዳታለሁ፣ ደብተሬ። እወዳታለሁ፣ ግን አልቻልኳትም። እስከ ዛሬ ልሄድ ነው ስል ቆይቼ ዛሬ ገና ልሄድ መሆኔ ተሰማኝ።

አሰፋ አንብቢልኝ አለ፤ አነበብኩለት። በዚህ ማስታወቂያ ጅብም አይመጣም አለ።

ሐምሌ 10፣ ዓርብ

ዝናብ የለም። ልውውጥም የለም። ሁለት ሳምንት ተኩል። ት/ቤት ተዘግቷል፣ ለመናደድ ጊዜ አለኝ። ማርታን ያለ ምክንያት ጮህኩባት። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ፊቴን አይታ፣ ገንደ ቆሬ ብንሄድም እኔ ከውጭ እተኛለሁ አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ሐምሌ 13፣ ሰኞ። ከሰዓት በኋላ

ደብተሬ፣ ስማኝ። ደብዳቤ መጣ። በፖስታ አይደለም፤ ሰው ይዞት መጣ። ታደሰ ይባላል፣ ትሑት ሰው፣ ከጥር ጀምሮ ድሬ ጉምሩክ ተዛውሮ የሚሠራ። ሚስቱ አስቴር ይርጋለም ላይ 4ኛ ክፍል ታስተምራለች። ማስታወቂያዬን ሰሌዳው ላይ አይቶ ቆሞ ሙሉውን ገልብጦ ላከላት። መልሷን ዛሬ ለእኔ ይዞልኝ መጣ።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር፦ “ይርጋለምን መልቀቅ አልፈልግም።”

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀጥላለች፦ ባሌ ግን ድሬ ነው፤ ሁለት ቤት ሆነን ስድስት ወር አለፈን፤ ልጆቼ አባታቸውን በፎቶ ነው የሚያዩት። ስለዚህ እመጣለሁ። እርስዎ ስለ አገርዎ ክፉ ክፉውን ስለነገሩኝ እኔም ልንገርዎ። ዝናቡ አያባራም፤ የታጠበ ልብስ አራት ቀን ይሰቀላል፤ ጫማ ይሻግታል። እንቁራሪቶቹ ማታ ማታ ሬዲዮ አያሰሙም። ዋና ከተማነቱ ወደ አዋሳ ከሄደ ወዲህ ሹሙም ነጋዴውም ተከትሎ ሄዷል፤ ከተማው አኩርፎ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። በዚህ ሳቢያ ቤት ረክሷል። እኔ የተከራየሁት እማማ አየለች ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ነው፤ እንሰት አለ፣ ቡና አለ፣ ምንጭ ቅርብ ነው። ቲማቲም ገዝቼ አላውቅም። እማማ አየለች አሮጊት ናቸው፣ ነገረኛ ናቸው፣ ዘወትር ጠዋት ለምን አልበላሽም ብለው ይቆጡኛል። ያለ እኔ ማንን እንደሚቆጡ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ከደብዳቤው ታች ላይ የእንባ ይሁን የዝናብ አላውቅም፣ ቀለሙ ለቋል።

ይህቺ ናት! እስከ ዛሬ ገነት ሲሉኝ የነበሩት ሊወጡ የቸኮሉ ናቸው። ይህቺ ክፉውን ሁሉ ቆጥራ እያለቀሰች ትወጣለች። ሰው እያለቀሰ የሚለቀው ከተማ ይኖርበታል። ታደሰን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ሐምሌ 15፣ ረቡዕ

ለአሰፋ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ርቀቱን አሰበ፤ ከሞጆ ይርጋለም ከድሬ አዋሽ ያህል ነው አለ። ለእሱ ትልቅ ምስጋና ነው።

ግን እሺ አላለም። ሄጄ ልየው አለ። ያቺ ሴትዮ እውነተኛ ትሁን እንጂ የእሷ ቤት የእኔ ቤት አይደለም አለ። ልክ ነው። ሰውየው መብራቱን አጥቷል፣ ሥራውን አጥቷል፣ ቤቱን እያጣ ነው። እንደ ሻንጣ ጭኜው አልሄድም። ቃል ገባሁለት፦ አንተ ሳታምንበት ቅጹን አልፈርምም። ካልወደድከው ገንደ ቆሬ እንገባለን፣ ሌላ ዓመት እንሞክራለን።

አስቴር የእሷን ቅጽ ፈርማ ልካለች። የእኔ ባዶ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ሐምሌ 20፣ ሰኞ

ሄደ። ሞጆ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ባቡር ውስጥ መንገደኛ ሆኖ ሲቀመጥ በሕይወቱ ገና ሦስተኛው ነው መሰለኝ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ባቡሩ ሲነሳ ሹፌሩ ዘገየ አለ በመስኮት። ልቤ ተሰበረ፣ ደግሞም ሳቄ መጣ።

በአምስት ቀን እመለሳለሁ ብሏል።

ሐምሌ 28፣ ማክሰኞ

ስምንት ቀን። የለም። ደብዳቤ የለም። ፋጡማ ወሬ አመጣች፤ በደቡብ መንገድ ከባድ ዝናብ ነው፣ አንድ ድልድይ ተዘግቷል ይላሉ። “በስ፣ ይብቃሽ አልሚ፣ አትፍሪ። ሃያ ስምንት ዓመት ባቡር ነድቶ ያልጠፋ አውቶቡስ ላይ ይጠፋል?” ትለኛለች፤ ግን እሷም ጨርቅ ስትለካ ተሳስታ አንድ ክንድ አብልጣ ሸጠች። ፋጡማ ለማንም አብልጣ ሸጣ አታውቅም።

ነሐሴ 2፣ ቅዳሜ

ታደሰ መጣ። ቅጹ ተፈረመ ወይ አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ ባሌን እየጠበቅሁ ነው አልኩ። አልገፋኝም። በሩ ላይ ቆሞ ግን ትንሹ ልጄ ባለፈው ሳምንት መራመድ ጀመረ፣ አላየሁትም አለኝ። ያን ብሎ ሄደ።

አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶኛል። ልፈርም? አሰፋ ምን ያውቃል? ፈርሜ ብልክ ማን ይከለክለኛል? ብዕሩን አነሳሁ። አስቀመጥኩ። አነሳሁ። ቃሌን ከበላሁ ከዚያ ወዲያ ይህ ሰው በየት ቤት ቢኖር እንግዳ ነው የሚሆነው። አስቀመጥኩ። ተናደድኩበት፤ ተናድጄ ደግሞ ናፈቀኝ። ዓይኑ ደህና ይሁን ብቻ። መንገድ ሲሻገር የሚያየው ሰው ይኑር።

ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ

ዕቃ ማስተካከል ጀመርኩ። ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ይርጋለም ወይ ገንደ ቆሬ። ለሁለቱም አንድ ነው፣ ድስት ድስት ነው። ማርታ ብርድ ልብስ ይኑረን አይኑረን ጠየቀችኝ። የለንም፤ ድሬ ብርድ ልብስ ምን ያደርጋል? ፋጡማ ሰምታ ሄደችና አንድ ይዛ መጣች፣ ከጅቡቲ የመጣ፣ ወፍራም፣ ቀይ። “ለእንግዳ ሰው ልሸጠው ነበር፣ አቦ ውሰጂው” አለች። ተደብቃ ነው የገዛችው፤ ዋጋው አሁንም ተሰፍቶበታል።

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

የቴሌ ሰው በር ላይ። ቴሌግራም። ከይርጋለም። ሞተ አልኩ፣ ገደል ገባ አልኩ፣ ያላልኩት የለም። ማርታ ከእጄ ነጥቃ ከፈተችው። በቃል ስለሚከፈል ሰው አሥር ቃል ነው የሚጽፈው። አሰፋ አንድ ነው የጻፈው።

“ኑ።”

ማርታ ገልብጣ አየችው፤ ሌላ የለም። ደጋግማ አነበበችው፦ ኑ፣ ኑ፣ ኑ፣ ግቢውን እየዞረች። ፋጡማ በርበሬ የነካ እጇን ይዛ ሮጣ መጣች፤ ምንድን ነው፣ ምንድን ነው? አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ነገርኳት። ደረቷን ደቃች። “ኑ ያለው እኮ ቤት ስላለው ነው፣ አቦ!” አለች፣ እየሳቀች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

አሥራ ስድስት ቀን ዝናብ ላይ፣ ማን ያውቃል ድልድዩ ላይ፣ ማን ያውቃል እማማ አየለች እየተቆጡት ምሳ ሲያበሉት ከርሟል። ስደርስ እጠይቀዋለሁ። አሁን ምንም አልጠይቅም። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሳ። ተነሳ በቃ። መተንፈስ ቀላል ነው ለካ!

ቅጹን አወጣሁ። ፈረምኩ። እጄ ላብ ስለሆነ ፊርማዬ የእኔን አይመስልም፤ የእኔ ነው። ታደሰ ጋ ሰው ልኬያለሁ፣ ለአስቴር ይጻፍላት፤ ልጁ ገና መራመድ ነው የጀመረው፣ ሩጫውን ያየዋል። ማክሰኞ በባቡር እንሄዳለን። ት/ጽ/ቤቱ 6 ሰዓት ላይ ለቀትር ይዘጋል፣ ገና ነው፣ ፋጡማ ጋሪ አስቁማ አንቺ ፍጠኚ እያለች በሩ ላይ ቆማለች፤ ቅጹን ይዤ ልሩጥ።